ባለ ወርቅ ጠርዙ ሳህን

«አባዬ፣ ይሄስ?» ሴት ልጁ የአይስክሬም ዕቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

ልብስ ሰፊው አባቷ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው የሚበላው። ማይክሮዌቩ ውስጥ መብረቅ አስነስቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማሽኑን እንደ በሽተኛ በአንሶላ ሸፍኖት ከረመ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጎረቤት ግን ምን ሊሠራ ተፈጠረ፤ ወሬው ለልጁ ደረሰ። ዛሬ መጥታ የወጥ ቤቱን ዕቃ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ የትኛው ማይክሮዌቭ ውስጥ እንደሚገባ ትፈትነዋለች።

«ንጹሕ ነው። ክዳንም አለው።»

«ለቀዝቃዛ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሲግል ቀልጦ ምግብህ ውስጥ ይገባል።»

«በረከት ነዋ።»

ብረት ድስቱ ያለ ክርክር ወጣ። ነጩን የሸክላ ሳህን ግን ባዶውን ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገባችው፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቁማ፣ ሶኬቱን ሰክታ ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ አስነሳችው።

«ውሃው ሞቆ ሳህኑ ሳይግል ከቀረ አልፏል። ራሱ ሳህኑ ከጋለ ግን ይቅርብህ።»

አለፈ። አባት ከኪሱ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔውን አውጥቶ ከሳህኑ ሥር አንድ መስመር አሰመረበት።

«ሲታጠብ ይለቃል እኮ።»

«ደግሜ አሰምራለኋ። ምን ሥራ አለኝ?»

«እሺ፣ አሁን ጉልበትህ ላይ የደበቅከውን አምጣው።»

እያመነታ አወጣው። የእናቷ ሳህን ነው፤ ጠርዙ ወርቅ ቅብ፣ በአንድ በኩል ጠቁሯል።

«ስድስት ነበሩ» አለ። «አራቱን የሰበርሽ አንቺ ነሽ።»

«አምስተኛውንስ?»

«እሱን እኔ። ለእናትሽ ግን አንቺ ነሽ ብያታለሁ።»

ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ የጠቆረውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ብልጭ ያደረገው ይሄ ወርቅ ነው፤ ብረት አይወድም ማሽኑ። ሳይሰነጠቅብህ ቁም ሳጥን ውስጥ ላስቀምጥልህ።»

«እሱ ቁም ሳጥን ከገባ እኔም ቀዝቃዛዬን እበላለሁ።» ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። «እናትሽ ሠላሳ ዓመት በዚህ ነው ያቀረበችልኝ። በሌላ አይወርድልኝም።»

ልጁ የትናንቱን ሩዝ ወፍራሙ የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ ጨምራ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ አስገባችው። ማሽኑ እያጉረመረመ ሲያዞረው አባት የሚስቱን ሳህን ገልብጦ ከሥሩ ትንሽ ክብ ሣለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሱቅ እያለሁ ስስ ጨርቅ ላይ የማደርገው ነው። የስፌት መኪና አይንካው፣ በእጅ ብቻ ይሰፋ ማለት ነው።»

ትኩሱን ሩዝ ከመስታወቱ ወደ እናቷ ሳህን ገለበጠችለትና ማንኪያ ልታመጣ ሄደች። ሁለት ይዛ ተመለሰች።