የበረኛዋ ክር

«የደም ምርመራዎ ጥሩ ነው ወይዘሮ ዶሪን፤ መድኃኒቱ ሠርቷል» አለ ወጣቱ ሐኪም፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። «እጅዎስ?»

ዶሪን ማማረር እንደማይወደው እንደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ሰው ሁሉ ሁልጊዜ «ምንም አይልም» ብላ ነበር የምትወጣው። ዛሬ ግን ከቦርሳዋ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ የምታየኝ ከሰዓት፣ ጣቶቼ ከተፍታቱ በኋላ ነው። ቁርጥማቱ የሚያስረኝ ንጋት ላይ ነው። የበረዶ ላይ ሆኪ ልምምዳችን ደግሞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል።»

«ታዲያ ጓደኞችዎ ጫማውን ቢያስሩልዎትስ?»

«በረኛ እኮ ነኝ ልጄ። የጫማዋን ክር ማሰር ያቃታትን በረኛ ማን ያምናታል?»

ሐኪሙ ጫማውን አንስቶ አገላበጠው። የክሩ ሁለት ጫፎች ተበልተው ተተልትለዋል።

«ውሻ አለዎት እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«የለኝም። በጥርሴ ነው የምስበው። ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ግን አርፍጄ አላውቅም።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ላይ ስለ እሷ የጻፈውን «የምታማርረው ሕመም የለም» የሚል መስመር አጠፋውና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ንጋት ላይ» አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «እጅዎ እንዴት ነው?»