ከመጠባበቂያው የተመለሰ ድምፅ

ልጅቱ የተመሰጠረውን ላፕቶፕ በይለፍ ቃል ከፍታ፣ ከመጠባበቂያ ዲስኩ ያስመለሰችውን ቪዲዮ ለአባቷ አጫወተችለት። በቅርቡ ያረፈችው እናቷ በሕመም አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ትስቅ ነበር።

«በየሳምንቱ ቅጂ ባላስቀምጥ ኖሮ ቀልጦ ይቀር ነበር፣ አባዬ!»

«አንቺ ዘበኛ! ካንቺ የሚያመልጥ ነገር የለም» አለ አባቷ፤ ፊቱ ግን አልፈካም። «እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት፣ ልጄ።»

«ለምን?»

በዚህ መሃል የእናቷ የደከመ ድምፅ ከላፕቶፑ ወጣ፤ «የኔ ጌታ፣ እስቲ ውኃ አቀብለኝ።»

አባቷ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ አመራ። በሩ ላይ ሲደርስ መቃኑን ይዞ ቆመ።

«ይህን በሰማሁ ቁጥር ሁልጊዜ እነሳለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ እርሷ ሳያዞር።