ሮዝ ውሃ

ማግኔቱን ወደ ብልቃጡ አስጠጋሁት። ጥቁሩ ዱቄት ተንደርድሮ መጣ። ሳርቀው ግን እንደ አመድ ፍስስ አለ።

እንዴ! የእኔ ዱቄት ኮባልት የተቀላቀለበት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማግኔቱ ከራቀም በኋላ ተያይዞ መቅረት ነበረበት። ማግኔቱን ወዲያው የሚረሳው ኮባልት የሌለበት የኤቦ ዱቄት ነው። የእኔ ናሙና ነገ ለልኬት ይላካል፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ያለው ደግሞ እኔና ኤቦ ጋ ብቻ ነው። ቀይሮብኛል!

ስልኬን አወጣሁና ለፕሮፌሰር ዳድዚ ጻፍኩላቸው፦ «ኤቦ ናሙናዬን ለውጦታል።» «የሰው ናሙና የነካ ከላብራቶሪዬ ይወጣል» ብለው ነበር። እሰየው፣ ይውጣ!

ኤቦ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የላብራቶሪው ደጃፍ ላይ ኬንኬውን፣ የተቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ከቅጠሉ ይፈለቅቃል። ሁለታችንም ማክሰኞ ስለተወለድን መንታዬ እያለ ነው የሚጠራኝ።

«ብልቃጤን መቼ ነው የነካኸው?»

«ምን አልሽ?»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

ሳቀብኝ። «መንታዬ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ? ዱቄትሽን ምን ላደርገው፣ ኬንኬ ልሥራበት?»

ብልቃጡን አፍንጫው ሥር ደቀንኩበት። እጁን ታጥቦ ማግኔቱን አስጠጋ፤ አራቀ፤ ደገመው። ሳቁ ጠፋ።

«ኮባልቱን ዱቄቱ ላይ የሚያስቀርልሽ አሞኒያ ክዳኑ ላልቶ አልነበር? መድከም አለመድከሙን በመለኪያ ወረቀት ለክተሻል?»

«ወረቀቱ አልቆ ነበር። አሸተትኩትና ይበቃል አልኩ።»

«አሸተትሽው?»

ከመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብሎ ዱቄቱ የታጠበበትን ውሃ የምናጠራቅምበትን ጠርሙስ አወጣ። እዚህ እጣቢ አይደፋም፤ ስምና ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። እኔ እጣቢዬን የገለበጥኩት መብራት በጠፋበት ሰዓት ስለሆነ መልኩን አላየሁትም።

ኤቦ ወደ መስኮቱ አነሳው። ውሃው ሮዝ ነው።

«ኮባልትሽ ይኸው። አሞኒያው ደክሞ አላስቀረልሽም፤ አጥበሽ አወጣሽው።» የተቆጣ አይመስልም። «አይዞሽ፣ ዛሬ አብረን እንደግመዋለን።»

ጠርሙሱ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ስሜና ቀኑ አለ፦ አራባ፣ ማክሰኞ።

አፌን ከፈትኩ። ለፕሮፌሰሩ የጻፍኩትን ልነግረው ነበር፣ በእናቴ! ስልክ ጮኸ። የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው።

«ፕሮፌሰሩ ናቸው» አለ ፈገግ ብሎ። በአንድ እጁ ሮዙን ውሃ እንደያዘ፣ በሌላው ስልኩን አነሳ።