የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሙሽራ

ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ አይሊ ኮስኬላ አዲስ የምግብ መሸፈኛ ፎይል ገዝታለች። ከሱቅ፣ በገዛ ገንዘቧ፣ ገና ካርቶኑ ያልተከፈተ። ለፋሲካ የተጠቀመችበትን ፎይል አጥባ፣ በመዳፏ አለስልሳ ለገና የምታወጣ ሴት ናት። ስለዚህ በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ያ የሚያብረቀርቅ ነገር የድንቹን ትሪዎች ሸፍኖ ስናይ፣ ሠርጉ የምር መሆኑን ያኔ አመንን።

ሙሽራዋ ራሷ አይሊ ናት፤ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን የትምህርት ቤት ልጆች ስትቀልብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ሙሽራው ሉድቪክ ዙፓንቺች በሁለት ዓመት ያንሳታል። ጡረታውን እየተቀበለም ማዕድን የሚጭነውን ትልቁን መኪና ይነዳ ነበር፤ በጸደይ የማዕድን ማውጫው ሥራ ሲያቆም ግን መኪናውንም እሱንም አንድ ላይ አቆሟቸው።

ፓስተሯ መጽሐፏን ገልጣ፣ ደንቡን ለማድረስ ያህል፣ “ይህ ጋብቻ መፈጸም የለበትም የሚል ካለ አሁን ይናገር” አለች። እኛ ይህቺን ጥያቄ የምናውቃት ጉሮሮ መጥረጊያ አድርገን ነው።

አርቮ እጁን አወጣ።

አርቮ የአይሊ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሠርጉም ምስክር። የግብር ወቅት ሲደርስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ የከተማውን ሽማግሌ ሁሉ ሒሳብ በነጻ ይሠራል።

“ጋብቻውን አልቃወምም” አለ። “ቀኑን ነው።”

“ቀኑ ምን ሆነ?” አለች ፓስተሯ።

“የዓመቱ መጨረሻ ነዋ! መንግሥት ለግብር የሚያየው ዓመቱ ሲያልቅ ያላችሁበትን ነው። ዛሬ ከተጋባችሁ ዓመቱን ሙሉ ባልና ሚስት ነበራችሁ ብሎ ይቆጥራል። ይኸው ሉድቪክ ደግሞ የሥራ አጥ ክፍያ ሲወስድ ከርሟል!”

“ይህን ዛሬ ነው የምትነግረን?” አለ ከኋላ አንዱ።

“እኔስ የሰማሁት መቼ ሆነና? አሁን በር ላይ ነው የነገረኝ! አይሊ፣ ስሚኝ እህቴ። ያ ክፍያ ልክ እንደ ደሞዝ ገቢ ነው። ለየብቻ ብትሆኑ ያንቺን ጡረታ አይነካም። ከተጋባችሁ ግን ካንቺ ጋር ይደመርና ከግብር ነጻ የሆነውን ልክ ያልፋል። እስከ ዛሬ ሳንቲም ያልተነካ ጡረታሽ ግብር ይመጣበታል።”

“ነገ ቢሆንስ?”

“ነገ ቢሆን የዘንድሮው ለየብቻ ነው። ጡረታሽን ማንም አይነካውም።”

“እንግዲያ ዛሬ እንብላ፣ ነገ ይጋቡ!” አለ አኮርዲዮን የያዘው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፓስተሯ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት ስለሆነች፣ ነገሩን ከስብከት አብልጣ በጥሞና ሰምታ፣ “ነገ ከአምልኮ በኋላ እኔ አለሁ” አለች።

ሉድቪክ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል። ያን ክፍያ ሰው እንዳያውቅበት ብሎ ባንኩን ሳይቀር ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮ ነበር፤ አሁን መላው ከተማ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

“አርቮ ልክ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ነገ ይሁን፣ አይሊ። እኔ ሥራ ባጣሁ ያንቺ ጡረታ ለምን ይነካል? ገና ከመግባቴ ዕዳ ይዤብሽ ልምጣ?” እጁ ኮቱ ላይ ወደተሰካው አበባ ሄደ። ሉድቪክን የምናውቅ ሁሉ፣ ያ አበባ ዛሬ ከወረደ ነገ ተመልሶ እንደማይሰካ ገባን።

“እጅህን አውርድ” አለችው አይሊ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። “ስንት ነው?”

“ሺህ ዶላር ገደማ። ቢበልጥ እንጂ አያንስም።”

ሳቁ ቆመ። በእኛ ከተማ ሺህ ዶላር ማለት የአንድ ክረምት ሙሉ የቤት ማሞቂያ ወጪ ማለት ነው። አይሊ ደግሞ ሱቁ በአሥራ አንድ ሳንቲም አጭበረበረኝ ብላ በበረዶ ተመልሳ የሄደች፣ ተቀብላም የመጣች ሴት ናት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየን፤ እየደመረች ነበር። አብረናት ደመርን። ፍቅር በገንዘብ አይለካም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ዋጋውን ጠይቀው አያውቁም። አይሊ ጠየቀች፤ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ አንዲት ሳንቲም አላቃለለችም።

ከዚያ የሉድቪክን አበባ በሁለት ጣቷ አቃናችና፣ “ፓስተር፣ ይቀጥሉ” አለች።

ፓስተሯ ቀጠለች። አይሊ ቃል ስትገባ ድምጿ ወጥ ቤት ውስጥ “ተራ ያዙ!” ስትል እንደነበረው ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሰምቷል። ሉድቪክ የራሱን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መቆም ነበረበት። መሀረብ ያላወጣ አልነበረም፤ አኮርዲዮን የያዘው በመሣሪያው ተከልሎ ፊቱን ጠረገ።

የቀረው የምስክሮች ፊርማ ነው። አንደኛዋ ምስክር፣ የአይሊ የወጥ ቤት ባልደረባ፣ ፈርማ ብዕሩን ለአርቮ አቀበለችው። አርቮ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

“ለአንድ ቀን!” አለ። “አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ ቀን እኮ ነው! ነገ ቢሆን ምን ይጎድልብሽ ነበር?”

“ምንም።”

“ታዲያ ለምን? ምክንያቱን ካልነገርሽኝ አልፈርምም።”

“አልነግርህም” አለችው አይሊ። “ፈርም።”