የአስማረ ትርጉም

አብዮቱ ፈረስ የሚጋለብባቸውን ፊልሞች ሁሉ አድኃሪ ብሎ ሲሰበስብ፣ ጎንደር አራዳ ላለው ሲኒማ ቤት አንድ የእንግሊዝኛ ፊልም ብቻ ተረፈለት። ፊልም ድምፅ ማሰማት በጀመረበት ዘመን፣ ከቲያትር መድረክ እንዳለ ተነሥቶ የተቀረጸ ነው። ሰዎቹ ከአንድ ሳሎን አይወጡም። ሲናገሩ ሁሉም አንድ የአበባ ማስቀመጫ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ማይክሮፎኑ እዚያ ውስጥ ተደብቋል ይባላል። ሽማግሌው ልጄን አልድርም ይላል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል። ሽማግሌው ባለርስት ስለሚመስል ካድሬዎቹ ፊልሙን ፈቀዱት።

ይህንን ነው እንግዲህ ሰው ከምሳ በኋላ ተጋፍቶ የሚያየው። ወታደሩ ይገባል፣ ነጋዴው ይገባል፣ ገበያ የወጣው ገበሬ ይገባል። የተማረው ግን በዚያ ዓመት መማሩ ራሱ ያስጠይቀው ስለነበር ከቤቱ አይወጣም።

ሕዝቡ የሚመጣው ለአስማረ ሲል ነው። አስማረ ከሸራው ሥር ቆሞ በድምፅ ማጉያ ይተረጉማል። የቀድሞው ተርጓሚ ወደ ሳንጃ ቆላ ሸሽቶ ሲቀር፣ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንግሊዝኛ የሚችል ማነው ቢል ሁሉም አንገቱን ደፋ። ቀና ያለው ትኬት ቀዳጁ አስማረ ብቻ ነበር።

ሙያውን መቼም የሚክድ የለም። ሽማግሌው አንዲት ቃል ጣል ሲያደርግ አስማረ ደቂቃ ሙሉ ይተነትናታል። ልጅቱ ትንፋሽ እስኪያጥራት ስታነበንብ ቆይታ ዝም ስትል፣ አስማረ «እምቢ አለች» ብሎ ይደመድማል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ጓድ ፋንታሁን ብቻ አይስቅም። ከመካነ ብርሃን የመጣ የአውራጃው ካድሬ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእጅ ባትሪ እያበራ፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ለምን እንደሚጽፍ ለጎንደር ሰው አይናገርም።

ትኬት ሻጯ ወለላ አስማረ ጆሮ ሥር መጥታ፣ «ቃልህን ነው የሚለቅመው። ምነው ምላስህን ብትሰበስብ?» አለችው።

አስማረ ፈራ። ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር፤ ያ ደብተር ቢመሰክርበት የሚመልሰው አልነበረውም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌውን ጨቋኝ አደረገው። ዓርብ ልጅቱ ገበሬዎችን አደራጀች። ቅዳሜ ደግሞ የልጅቱ እጮኛ የአበባ ማስቀመጫውን ተደግፎ መሬት ላራሹ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፋንታሁን ገጽ ገልብጦ መጻፉን ቀጠለ።

እሑድ ጠዋት አስማረ ፋንታሁን ቢሮ ተጠራ። ወለላ እያለቀሰች ጋቢና ዳቦ አሲዛ ሸኘችው። ተጠርቶ በዚያው የሚቀር ሰው ብዙ ነበርና ባዶ እጁን አልላከችውም። አስማረ ደረጃውን ወጣ።

ፋንታሁን በሩን ዘጋ። ሁለት ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አያ አስማረ፣ ተቀመጥ» አለው። «እነሱ የሚሉትን በጆሮዬ እንደሰማሁ በግራ፣ አንተ የምትለውን በቀኝ ጽፌያለሁ።»

አስማረ ጋቢውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ይኸ እንግሊዝኛ የሚሉት እንዴት ያለ ጥልቅ ቋንቋ ነው! አንዷን ቃል ሰኞ ‹ልጄ› ትላታለህ፣ ዓርብ ‹የገበሬ ማኅበር› ትላታለህ። እኔ በሳምንት እንዲህ የተማርኩት ባንተ ነው፤ እግዜር... አብዮቱ ይስጥህ።»

አስማረ የታፈነ ትንፋሹን ለቀቀ። ሊያስሩት አልነበረም። በደስታ እንባ እንባ አለው።

ፋንታሁን ቀጠለ። ማክሰኞ የውጭ እርዳታ ሰጪዎች ይመጣሉ፤ የአውራጃው አስተዳዳሪ እንግሊዝኛ የሚችል ሲያጡ ፋንታሁን ራሱ እጁን አውጥቷል። ተርጓሚ ነኝ ብሎ መንግሥትን ያታለለ ምን እንደሚጠብቀው አስተዳዳሪው በግልጽ ተናግረዋል።

«እኔ አልሰጋም» አለ ፋንታሁን። «ከተደናቀፍኩ እንድታርመኝ፣ መምህሬ ብዬ ከጎኔ አስመዝግቤሃለሁ።»

«ሸጋ» አለ አስማረ።

እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር።