የተማረው ግቢ

አምስተኛው የቤት ቦታ ችካል ሲመታ ወለተሰንበት ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ስድስተኛው ከጓሮው ጥግ፣ ከወይራው ሥር ይመታል። እዚያ ልጅ ያላቸው ቢገቡ ትወዳለች፤ ጥላው ለሕፃን ይሆናል።

በልደታ አንድ ግቢ ለአንድ ቤተሰብ መሆኑ ቀረ ተብሎ ከታወጀ ወር አልሞላም። ጣሊያን ለራሱ ሰዎች ሰፈር ሊሠራ ሐበሻውን ከአራዳ እያስነሳ ነው፤ የተነሱት ደግሞ በየሰው ግቢ ስድስት ስድስት ቤት እየቀለሱ ይገባሉ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ወለተሰንበትም አብራ አለቀሰች። ቤቷ ገብታ መዝጊያውን ስትዘጋ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት።

ምን ታድርግ! ባሏና ሁለት ልጆቿ ማይጨው እንደዘመቱ ቀሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፊ ግቢ የሰማችው የገዛ እግሯን ኮቴ ነው። አንዳንድ ቀን ድምፅ እንዳላት ለማወቅ ያህል ዶሮዋን ትሰድባለች። ደስታዋንስ ለማን ትናገር? ልጆቿን የበላው ጣሊያን ባወጣው አዋጅ ደስ አለኝ ይባላል እንዴ?

ዛሬ ጠዋት ያላትን ፍልጥ ሁሉ ማግዳ ምድጃዋን ፍም ሞልታዋለች። አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚቸግረው እሳት ነው። ገል ይዘው መጥተው "እሳት ጫሩልን" ሲሏት ምን እንደምትል ሳይቀር አስባበታለች።

"ቆዩ! ኧረ አንድ ጊዜ ቆዩ!"

ጎረቤቷ ባሻ ሀብተ ማርያም ከዘራቸውን ተመርኩዘው እያለከለኩ ገቡ። የሳቸው ግቢ ትናንት ተሸንሽኖ አልቋል፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን እያራገፉ ነው። ለራሳቸው ግቢ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሽማግሌ ነጠላቸውን አደግድገው ችካሉን የሚያስመታው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ፊት ቆሙ።

"ንገርልኝ፣ ልጄ" አሉ ከጎኑ የቆመውን አስተርጓሚ። "እቺ ሴት ሰው ያለቀባት ናት። የቀራት ይህ ግቢ ብቻ ነው። የኛስ ሆነ፤ የሷን ይተውላት በልልኝ፣ በልደታ ማርያም!"

ወለተሰንበት አፏን ከፈተች። ተዉ ባሻ፣ ይምጡልኝ ልትል ነበር። ሽማግሌው ለሷ ብለው ጣሊያን ፊት ማደግደጋቸውን አየችና ቃሉን ዋጠችው።

መሐንዲሱ ባዶውን ቤት አየ፣ እሷን አየ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰረዘ።

"ምሮሻል" አላት አስተርጓሚው። "ያንቺ ግቢ እንዳለ ይቆያል።"

ችካሎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ!" አሉ ባሻ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

"አሜን፣ ባሻ። ውለታዎን እሱ ይክፈልልኝ" አለች።

ሁሉም ሄዱ። ግቢው እንደ ወትሮው ጭር አለ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከባሻ ግቢ፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ እንጨት ይፈለጣል፤ አንድ ሰውዬ "ነፊሳ! ኧረ እሳት ለምኚ፣ በብርድ ልንሞት ነው!" እያለ ሚስቱን ይጣራል። ወለተሰንበት ጆሮዋን አቀናች። የሴትዮዋ ኮቴ ወደ ባሻ ቤት ሄደ።

ገብታ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ፍሙ ቀልቶ ይነዳል፣ ለስድስት ቤት ይበቃል። ከአጥሩ ማዶ ጭስ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ እንስራውን አንስታ ውሃውን በሙሉ ገለበጠችበት። አንድም ፍም እንዳልተረፈ በእንጨት ቆስቁሳ አየች።

ገል አነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በባሻ በር ገብታ ጭሱ የሚወጣበት ዳስ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ነፊሳ" አለች፣ ዕድሜ ልክ እንደሚያውቋት ጎረቤት። "እሳት ጠፋብኝ። ትጭሪልኛለሽ?"