የጀርባዋ ቁጥር

ሞተሩ ከሥሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኤረር በር ወዲያ ባለው አቧራማ ሜዳ፣ የመነሻው ገመድ ፊት ሆና፣ ለመጀመሪያ ውድድሯ ስድስት ወር የተለማመደችውን በልቧ ደገመችው፤ ጉብታ ላይ ከኮርቻው ተነሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ፍሬን በድንገት አትያዢ። አባቷ ከኋላዋ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቁጥሩን ነፋስ እንዳይወስደው ብለው ጃኬቷ ላይ በድርብ ክር የሰፉላት ትናንት ራሳቸው ነበሩ።

"ቀጥ በይ" አሏት። ትንፋሻቸው አንገቷን አሞቀው። ክር በጥርሳቸው ሲበጥሱ ሰማች፤ የላላውን የሚያጠብቁላት መስሏት ሳቀች። "አባ፣ በቃ፣ አይወልቅም እኮ!"

ጀርባዋን ቅልል ሲላት ዞረች። ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነበር።

"ነገ ላንቺ ሽማግሌ የሚልኩት ሰው እዚያ ቆመዋል" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። "ውረጂ።"

ከዚያ መርፌያቸውን ከኮሌታቸው ነቅለው ቁጥሩን አብሯቸው በመጣው ወንድሟ ጀርባ ላይ በጥቂት ስፌት አያያዙት። እሷ ስትወርድ ወንድሟ ሞተሩ ላይ ወጣ፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ እንኳ መቆለፍ አቃተው።

"ያ አላህ፣ ምን ያስቆምሻል?" አሏት አባቷ። "ጉብታው ላይ ምን እንደሚያደርግ ንገሪው እንጂ!"